ተሸኝቶ የቀረው ጫንያለው

ነቀምቴ ውስጥ የጫንያለውን ያህል የሰው ግቢ የረገጠ ሰው የለም። ሐኪሙ፣ ቄሱ፣ ፓስተሩና ደላላው ተደምረው አይደርሱበትም። ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። በየወሩ በር ያንኳኳል፣ «ውሃ!» ብሎ ይጣራል፣ አጎንብሶ ቁጥር ይጽፋል፣ ይሄዳል። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ሲያጎነብስ ስለኖረ የከተማውን ሰው ከፊቱ ይልቅ በጫማው ያውቀዋል። ውሾቹን ደግሞ በስማቸው። ደርጌ ሰፈር ያለ አንድ ሽማግሌ ውሻ፣ ወሩ አልቆ ጫንያለው ከዘገየ በር ላይ ቁጭ ብሎ መንገድ መንገድ ያያል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ካፌያችን ውስጥ ግን ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የማን ሳሎን በሴራሚክ ሲያብረቀርቅ ጓሮው በጆንያ እንደተጋረደ፣ ማን አጥሩን በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ እየገፋ የጎረቤቱ መኝታ ቤት ሊገባ እንደደረሰ ያውቃል። አይናገርም። አፉን የሚከፍተው ስለ አንድ ነገር ሲነሳ ብቻ ነበር፤ ስለ ወይዘሮ ፋይዛ በረንዳ።

ወይዘሮ ፋይዛ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ነቀምቴ ላይ ጨርቅ ሲለኩ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ቡርቃ ጃቶ ነው። ቤቱ ሌላ ቤት የሚመስል ተራ ቤት ነው፤ በረንዳው ግን ሰፊ፣ ወለሉ ቀይ ሊሾ፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ነው። ቆጣሪያቸው በረንዳው ሥር ስለተተከለ፣ ጫንያለው ቁጥሩን ጽፎ ቀና ሲል እሳቸው «ና አረፍ በል እስቲ» ይሉትና ዝንጅብል የገባበት ሻይ ይሰጡታል። ያቺን አንዲት ብርጭቆ ሻይ ጫንያለው ሌላ ሰው ድግስ በልቶ በሚነሳበት ጊዜ ነበር የሚጨርሳት። ዝናቡ ከማዶ ኮረብታ ተነስቶ ሲመጣ ያያል። ማን ጃንጥላ እንደሌለው ያያል። ከዚያ ተነስቶ ጨለለቂ ወዳለው ቤቱ ይሄዳል። የእሱ ቤት በሩ መንገድ ላይ ነው፤ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ቢቀመጥ የሚያልፍ ባጃጅ ጉልበቱን ይዞት ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። ጫንያለው እንደ ልማዱ አጎንብሶ ሳለ፣ ወይዘሮ ፋይዛ ከላይ ሆነው «ይህን ቤት ልሸጠው ነው እኮ» አሉ። «ወልቂጤ ወንድሜ ዘንድ ልጠጋ ነው። ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?»

ጫንያለው ቁጥሩን ሳይጽፍ ቀና አለ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

«ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት!»

«ለማን ልሽጠው ታዲያ?»

«ለእኔ!»

«ያንተን ቤት ሸጠሃል?»

«እሸጠዋለሁ!»

ወይዘሮ ፋይዛ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሜትር ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው፤ «እሸጠዋለሁ» እና «ሸጥኩት» መካከል ስንት ሜትር እንዳለ አሳምረው ያውቃሉ። ነገር ግን የጫንያለው ፊት እንደ ሕፃን ሆኖባቸው እምቢ አላሉትም። ጂሬኛ የሚባለው ደላላ ደግሞ ወሬውን ከየት እንዳሸተተው አይታወቅም፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በረንዳው ላይ ተገኘ። በማግሥቱ ውል ተጻፈ። ጫንያለው ቀብድ ከፈለ፤ ቀሪውን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልከፈለ ቀብዱ ለእሳቸው ይቀራል። ይኸው ነው።

ያንን ቀብድ ግን ከየት አመጣው? እዚህ ላይ ሸዋገነት ትገባለች።

ሸዋገነት የጫንያለው ሚስት ናት። ስሟ እንደሚናገረው ከሸዋ ናት፤ እሱ ደግሞ አባቱ ከወሎ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ኡኬ የሰፈሩ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እሱ ነገር ሁሉ ይሆናል ብሎ ያምናል፣ እሷ ውሸት መናገር አትችልም። አትችልም ስላችሁ፣ ልጅ ሆና አስተማሪዋ «የቤት ሥራሽን የሠራልሽ ማነው?» ሲላት የጎረቤቱን ልጅ ስም ከነአባቱ የተናገረች ናት። ባልና ሚስቱ ለዓመታት እየቆጠቡ ገንዘብ አጠራቅመው ነበር። ገንዘቡ የቤታቸውን ጣሪያ ቆርቆሮ መቀየሪያ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል። የወለጋ ዝናብ የሚያውቀው ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

ጫንያለው ማታ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ሸዋዬ፣ በረንዳ ገዛሁ» አላት።

«ከነቤቱ ነው?»

«ከነቤቱ።»

«በምን?»

ጫንያለው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። እሷም ዓይኑን ተከትላ ቀና አለች። ገባት።

«ቆርቆሮዬን?»

«አብሽሪ! ይህን ቤት እንሸጠውና ሁሉም ይከፈላል።»

«ለማን ነው የምትሸጠው?»

«ለገዢ ነዋ!»

«እንግዲህ ገዢው በበጋ እንዲመጣ ጸልይ» አለችና ራቱን አቀረበች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ለአንድ ሳምንት ያህል አልተናገረችም፤ የሸዋገነትን ዝምታ የሚያውቅ ሰው ግን ጩኸቷን ይመርጣል።

ጫንያለው ደስታውን መያዝ አቅቶት ካፌ መጥቶ ነገረን። ካፌ የተነገረ ነገር ደግሞ ማኪያቶው ሳይደርስ ጨለለቂ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ «ቤት ሊገዛ ነው» የነበረው «ቤቱን ሸጦ ሄደ» ሆኖ ነበር። ወሬው የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ዋቅወያ ጆሮ ገባ። ኦቦ ዋቅወያ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ፎርማን ናቸው። በሕይወታቸው አንድም ሥራ አርፍደው አያውቁም፤ ይልቅ ሁሉን ቀድመው ነው የሚጨርሱት። የመቃብራቸውን ቦታ አጥረው ሣሩን በየክረምቱ የሚያሳጭዱ ሰው ናቸው። «ጫንያለው ዕቃ ሲጭን ሩጫ ላይ ከምንሆን አሁኑኑ እንሸኘው» አሉ።

ጫንያለው የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ በእሱ ቁልፍ ሥር ነው። ልቅሶም ሆነ ሰርግ ቢሆን ቀድሞ ደርሶ አግዳሚ የሚሸከመው እሱ፣ መጨረሻ ላይ ድስት ቆጥሮ የሚዘጋው እሱ። ስለዚህ ሽኝቱ ቀላል አልነበረም። እሑድ ዕለት «ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ» ተብሎ ሲሄድ፣ በግ ታርዶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ጥለት ያለው ጋቢ ተጣጥፎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ምንድነው ይኼ?» አለ።

«ኮቱ፣ ኮቱ! ና ተቀመጥ» አሉት ኦቦ ዋቅወያ፤ ያስቀመጡትም ከመሃል ነው።

ንግግር ተጀመረ። ጫንያለው እንዴት ደግ እንደነበረ፣ እንዴት ታማኝ እንደነበረ፣ ቦታውን የሚሞላ ሰው እንደማይገኝ ተነገረ። ሁሉም «ነበረ» ነው የሚሉት። አንዲት አሮጊት ጎረቤት አለቀሱ። በአጭሩ ንግግሩ የሙት ነበር፤ ልዩነቱ ሟቹ መሃል ተቀምጦ ጥብስ መብላቱ ብቻ ነው።

ሸዋገነት በክርኗ ጎሸመችው። «በል ተነስተህ ቤቱ እንዳልተሸጠ ተናገር።»

«በጉ ታርዷል እኮ!» አላት በሹክሹክታ።

«ታዲያ?»

«በጉን እያኘክሁ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ጋቢውን አለበሱት። ቁልፉን አስረከቡት፤ ማለቴ፣ ተረከቡት። የተረከበው ቀነአ ነው፤ ጎረቤት ብየዳ ቤት ያለው ጎረምሳ። ጫንያለው ቁልፉን ሲሰጠው እጁ ትንሽ ዘገየ። ቀነአ በኃይል እንደመሳብ አድርጎ ነው የወሰደው ይላሉ ያዩ ሰዎች።

በማግሥቱ ጠዋት ጫንያለው ለሥራ ከቤቱ ወጣ። ማን ይጠብቀዋል? ቀነአ።

«ጋሼ! አልሄዱም እንዴ?»

«እቃ እያሰርን ነው» አለ ጫንያለው።

በሦስተኛው ቀንም እቃ እያሰሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንትም። ጨለለቂ ጠዋት ሲገናኙ «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ» ማለት ወግ ነው፤ ለጫንያለው ግን ሰላምታው ተቀየረና በሄደበት ሁሉ «ነጋቲ ኦቦ ጫንያለው፣ ደህና ይሁኑ!» ይሉት ጀመር። ጠዋት ተሰናብተውት ማታ ሲመለስ «እንኳን ለጉብኝት መጡ» ይሉታል። ባለሱቁ ቢላል ስኳር ሲሸጥለት «ለመንገድ ነው?» ይለዋል። ጋቢውን ቢለብስ ይስቁበታል፤ ባይለብስ «ናቀን» ይላሉ። በመጨረሻ በጓሮ በኩል፣ በባህር ዛፉ መሃል አድርጎ መውጣትና መግባት ጀመረ። በገዛ ሰፈሩ እንደ ሌባ።

ጂሬኛ በበኩሉ ሥራውን አላቆመም። የቤቱን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አወጣ። ያን ፎቶ አንድ ቀን ካፌ ውስጥ አየነው። የጎረቤት አቮካዶ ዛፍ፣ የመንገድ መብራትና የሚያልፍ አንድ ላንድክሩዘር ገብተውበታል፤ ቤቱ ከኋላ በትንሹ ይታያል። «ይኼ ቤት የት ነው? እኔም ልግዛው!» ያለው ጫንያለው ራሱ ነው ብለው ያስቃሉ፤ እሱ ግን ይክዳል።

በግንቦት የመጀመሪያው ሁነኛ ገዢ መጣ። ሮቤራ ይባላል፤ ባንክ የሚሠራ፣ ሱፍ የለበሰ፣ በቅርቡ ያገባ። ጂሬኛ ከፊት ሆኖ «ይኼ ሳሎን ነው፤ ብርሃን በብርሃን!» እያለ አስገባው። ሳሎኑ ውስጥ ወለሉ ላይ ድስት፣ ባልዲ፣ ጀሪካን ተደርድሯል።

«ይኼ ሁሉ ምንድነው?» አለ ሮቤራ።

ጂሬኛ አፉን ሳይከፍት ሸዋገነት ቀደመችው። «ይኼ ድስት የሚያዝያን ይችላል። ባልዲው የሰኔ ነው። ሐምሌ ሲገባ ያንን በርሜል እናመጣለን። አልጋውን እዚያ ጥግ አታድርጉት፤ እኛ ሞክረነዋል።»

«እትዬ ሸዋ፣ በፈጠረዎት፣ ዕቃውን ምናለ ቢያነሱት?» አለ ጂሬኛ።

«አንስቼ ወለሉ ይርጠብ?»

ሮቤራ አንገቱን ነቀነቀና «አስብበታለሁ» አለ። እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው። ከእሱ በኋላ የመጡትንም ሸዋገነት በተመሳሳይ ጨዋነት ተቀበለቻቸው፤ የምሥጡን መንገድ አሳየች፣ የማይዘጋውን መስኮት አሳየች፣ የሚዘጋውንና ከዚያ የማይከፈተውንም አሳየች። ጫንያለው ሲቆጣት «እኔ አልከለከልኩህም፤ ሽጥ። ሰው ግን አላታልልም» አለችው። ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ዝናቡን ይዞ መጣ፤ በርሜሉም ሳሎን ገባ።

አንድ ማለዳ የቀነአ አያት ዐረፉ። ዕድሜ የጠገቡ ሴት ነበሩ፤ ከነቀምቴ በፊት ነበሩ ይባላል። የእድሩ ለፋፊ በርናባስ ድምፅ ማጉያውን ይዞ በየደጃፉ ቆመ። ጫንያለው ድምፁን እንደሰማ ተነሳ። አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ፣ ሌላውን እየፈለገ፣ በሩ ጋ ሆኖ ተራውን ጠበቀ። በርናባስ የግራ ጎረቤቱን ስም ጠራ። ሲራመድ ተሰማ። ከዚያ የቀኝ ጎረቤቱን ስም ጠራ።

«አልፎን ሄደ» አለች ሸዋገነት ከውስጥ።

«ሳይሰማው ነው» አለ ጫንያለው።

«ምኑ ነው የማይሰማው? እሱ አይደል የሚጠራው?»

ሁለተኛውን ጫማ ሳያስር ወጣ። በፊት በር ወጣ፤ ጓሮውን ረስቶት። ለቅሶ ቤት ሲደርስ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ አግዳሚ አነሳ። ቀነአ፣ ዓይኑ በዕንባ ቀልቶ፣ ሮጦ ተቀበለው።

«ኧረ ጋሼ! እንግዳ አግዳሚ ይሸከማል እንዴ? ነውር ነው!»

ይህ ቀልድ አልነበረም። ልጁ ከልቡ ነው። ክንዱን ይዞ ወስዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ከላይ፣ ትራስ ባለበት አስቀመጠው። ምግብ ሲመጣ መጀመሪያ ለእሱ ቀረበ። ጫንያለው ተቀምጦ አየ። የድንኳኑ ሰሜን ጥግ ገመድ በተሳሳተ ካስማ ታስሯል፤ ነፋስ ቢመጣ ይነሳል። ትልቁ ድስት ላይ የተከደነው ክዳን የድስቱ አይደለም። እነዚያን ልጆች «ኧረ ተዉ» ብሎ ሊነሳ ነበር፤ ግን እንግዳ እንዲህ አይልም። ለዓመታት ስንት ሰው የቀበረበት ሰፈር ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማው ሳይጨቀይ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ባቻ መጣ።

ባቻ ቢላ ከሚባለው ከተማ የመጣ ቡና ነጋዴ ነው። ልጆቹ ነቀምቴ እንዲማሩለት ቤት ይፈልጋል። ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ሣቅ። ዝናቡ ሲወርድ ገባ፤ ሸዋገነት እንደ ወትሮው ከድስቱ ጀምራ እስከ በርሜሉ አስጎበኘችው። ባቻ ሳቀ። «አዴ፣ ቢላ ያለው ቤቴ እኮ ከዚህ ይብሳል! እኛ ውስጥ ሲዘንብ ወደ ውጪ ወጥተን ነው የምንጠለለው። ቆርቆሮ ይቀየራል።» የተባለውን ዋጋ ብዙም ሳይከራከር ተቀበለ። ጂሬኛ በደስታ ሦስቱንም ስልኮቹን በአንድ ጊዜ አወጣ። ጫንያለውም የባቻን እጅ ጨበጠ። በረንዳው ታየው፤ ሊሾው፣ ሻዩ፣ ከማዶ የሚመጣው ዝናብ። ቀብዱ ሊተርፍ ነው። ሸዋገነት በርሜሉን ትንሽ ወደ ግራ ገፋችው፤ ጠብታው ቦታ ቀይሮ ነበር።

ለውሉ ምስክር ያስፈልጋል። ኦቦ ዋቅወያና ቀነአ ተጠርተው መጡ። ሁሉም በድስቶቹ መሃል ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ጂሬኛ ወረቀቱን ዘረጋ። ባቻ ብዕሩን እንደያዘ ወደ ኦቦ ዋቅወያ ዞረ።

«አባ፣ ይህ ሰፈር እድሩ እንዴት ነው? ሰው ይቀበላል?»

«ቦታ አለ» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። «የጫንያለው ቦታ ክፍት ነው።»

«እሱ ምን ነበር የሚሠራው?»

ኦቦ ዋቅወያ ትንሽ አሰቡ። «አግዳሚ ይሸከም ነበር። ድስት ይቆጥር ነበር። ዝናብ ሲመጣ ድንኳኑ የት እንደሚያፈስስ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። ማንም ሳይጠራው ይመጣ ነበር።»

«ምን ችግር አለው! እሸከማለሁ» አለ ባቻ ትከሻውን እየነካ። «ትከሻ ሞልቷል።»

ጫንያለው ያንን ትከሻ አየ። በእርግጥም ጥሩ ትከሻ ነው። በርናባስ ደጁ ላይ ቆሞ የባቻን ስም ሲጠራ ታየው። በዚያ ሌሊት ደግሞ እሱ ቡርቃ ጃቶ፣ በረንዳው ላይ፣ ሻይ ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው።

«አንድ ነገር አልነገርኩህም» አለ በድንገት።

«ምን?» አለ ባቻ።

«ጣሪያው።»

«ያፈስሳል፤ ነገሩኝ እኮ።»

«ይኼ የምታየው ትንሹ ነው! ነሐሴ ይምጣ ብቻ። በጋም ያፈስሳል። ዝናብ ሳይኖርም ያፈስሳል! ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከወለሉ ሥር ደግሞ ምንጭ አለ። ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ እኔን እመን፤ ቤቱ ጠዋት ጠዋት ማታ ከነበረበት ትንሽ ወደ መንገዱ ተንሸራቶ ነው የሚገኘው!»

ጂሬኛ ስልኮቹን አንድ በአንድ ወደ ኪሱ መለሳቸው። «ጋሽ ጫንያለው፣ አመመዎት?»

ሁሉም ወደ ሸዋገነት ዞሩ፤ እሷ አትዋሽማ። ሸዋገነት ባሏን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ውሸት ተናገረች።

«እባቡንስ ነገርከው?»

«የምን እባብ?!» ጂሬኛ እግሮቹን ከመሬት አነሳ።

ኦቦ ዋቅወያ ባልና ሚስቱን ተራ በተራ ተመለከቱ። ቀድመው የሚጨርሱት ሰውዬ ለአንድ ጊዜ ነገሩ ዘግይቶ ገባቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ትልቅ ነው» አሉ።

«ሁለት ናቸው» አለ ቀነአ። «አንዱ በአግዳሚው በኩል ነው የሚወጣው።»

ባቻ ቢላ ይደግ እንጂ ሞኝ አይደለም። ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አራቱንም አየ፤ እባብ የፈራ ሰው ፊት ያለው አልነበረም። ከዚያ ያ ሰፊ ሣቁ መጣ። ዕንባው እስኪወርድ ሳቀና ጂሬኛን ትከሻውን መታው።

«ስማ አንተ ደላላ። እኔም ስሄድ እንዲህ የሚዋሽልኝ ጎረቤት ያለበት ቤት ፈልግልኝ። ጣሪያ ባይኖረውም እገዛዋለሁ።»

ጂሬኛ እስካሁን እየፈለገለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ቴሌግራም ላይ በፎቶ አይወጣም።

የቀረው ቀብዱ ነው። ጫንያለው የውሉ ቀን ከመድረሱ በፊት ቡርቃ ጃቶ ሄደ። ቆጣሪ የሚያነብበት ቀን ስላልነበረ በሩን ሲያንኳኳ ምን ብሎ እንደሚጣራ ጠፋው። ወይዘሮ ፋይዛ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገራቸው፤ በጉን፣ ጋቢውን፣ እባቡን። «እንግዲህ ቀብዱ በውሉ መሠረት የእርስዎ ነው» ብሎ አቀረቀረ።

ወይዘሮ ፋይዛ ገብተው ሻይ ይዘው ወጡ።

«እኔ የሰው ገንዘብ በነፃ አልበላም» አሉ። «መልሼ ልስጥህ እንዳልል ግን ቀብድህ የለኝም። ወልቂጤ ነው።»

«ወልቂጤ ምን ያደርጋል?»

«ለወንድሜ ሰጠሁት። ከቤቱ ጎን ያለውን ቤት ሊሸጥልኝ ተስማምተን፣ ይኼን ሳልሸጥ ለዚያ ቀብድ ከፈልኩ። ያንተን ነው የሰጠሁት።»

ከዚያ ጫንያለው ነው መጀመሪያ የሳቀው።

«እርስዎም?»

«ምነው፣ አንተ ብቻ ነህ ሞኝ?» አሉ። «ወንድሜ ደግሞ ወንድም ስለሆነ ቀብድ አይበላም። ነጋዴ ስለሆነ ደግሞ ቶሎ አይመልስም። ቡና ገዝቶበታል። ሲሸጥ ሲሸጥ ይልካል፤ እየተቀበልኩ እሰጥሃለሁ። እኔም መሄዱ እንጃ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማን ነው ወልቂጤ ላይ በኦሮምኛ የሚሰድበኝ?» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ለጎረቤቶቼ ትንፍሽ አላልኩም። ሰው እንዴት ካፌ ሄዶ ይናገራል?»

ይኸው እስከ ዛሬ የጫንያለው ጣሪያ በየበዓሉ ይታደሳል። ለአዲስ ዓመት ከወልቂጤ ጥቂት ገንዘብ መጣች፤ ጥቂት ቆርቆሮ ሆነች። ለአረፋ ሌላ ጥቂት። ከካፌያችን በረንዳ ስናየው ጣሪያው ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ዝጓል፤ ፀሐይ ስትወጣ ዓይን ይወጋል። በርሜሉ ከሳሎን ወጥቷል፤ ባልዲው ገና ነው። ወይዘሮ ፋይዛ ደግሞ ለዘገየው ገንዘብ ማካካሻ ብለው ሻዩን በየሳምንቱ አድርገውለታል። ጫንያለው ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ሸዋገነትም አንድ ቀን አብራው ሄዳ ተቀመጠችና ዙሪያዋን አይታ «ነፋስ አለው» ብላ ፈረደች። እሷ ካለች አለው።

እድሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አልታረቀም። ደንብ ደንብ ነው። ጫንያለው ተሸኝቷል፤ የተሸኘ ሰው አባል አይደለም። ኦቦ ዋቅወያ እንደ ማንኛውም አዲስ ገቢ ጠየቁት።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከጨለለቂ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጨለለቂ።»

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ረጅም ነው፣ ኦቦ።»

መግቢያውን ከፈለ። የአዲስ ገቢ በግም አረደ፤ ለሽኝቱ የታረደውን የሚያህል መሆኑን ቀነአ በዓይኑ መዝኖ አረጋገጠ። ጋቢውን ይመልስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ «ይቆይለት፣ ለሚቀጥለው ሽኝት» ተብሎ ታለፈ።

ባለፈው ሰሞን ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል የበርናባስ ድምፅ ማጉያ ጨለለቂ ውስጥ ተሰማ። የግራውን ጎረቤት ጠራ። ከዚያ የጫንያለው ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ማጉያውን በሩ ስንጥቅ ላይ አስጠግቶ፣ ሙሉ ነቀምቴ እንዲሰማ፣ «አዲስ ገቢው ጫንያለው! ሰምተሃል ወይ?» ብሎ ጮኸ።

ጫንያለው ጋቢውን ተከናንቦ በሩን ከፈተ። «ሰምቻለሁ! ጆሮዬን ተወኝ!»

ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ቀነአ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ይጠብቀዋል። ጫንያለው እጁን ዘረጋ።

«ኧረ ጋሼ» አለው ቀነአ፤ «አዲስ አባል ቁልፍ አይዝም። አዲስ አባል አግዳሚ ነው የሚሸከመው።»

ጫንያለው ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ አነጠፈ። ከሁሉም ትልቁን፣ ሁለት ሰው የሚያነሳውን አግዳሚ መረጠና ብቻውን ተሸከመው።